ያልወጣሁበት ጣሪያ

የካቲት 4

ሥልጠናው ተጀመረ። የጠበቅነው አሥራ ሁለት ሰው፣ የመጣው ሃያ ሦስት። ወንበር ከጎረቤት ትምህርት ቤት ተዋስን። ሁሉም ከየሰፈሩ የተከራዮች ኮሚቴ የተላኩ ናቸው፤ ኪራያቸው የሚቻል አሮጌ ሕንፃዎች «አርጅቷል» እየተባሉ እንዳይፈርሱባቸው መከራከር ሊማሩ። አስተማሪው እኔ። ሠላሳ ዓመት የከተማው ሕንፃ መርማሪ ሆኜ «ይፍረስ» ስል የኖርኩት... ባለቤቴ ጠዋት ክራባቴን እያስተካከለች ሳቀችብኝ። ጅብ ለአህያ ጥብቅና ቆመ፣ አለች።

ከወረቀት አነበብኩ፣ አነበብኩ... ከኋላ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አንኮራፋ። ያኔ አንዲት ፀጉር ሠሪ እጇን አወጣች። ስንጥቅ ሁሉ አንድ ነው ወይ? የትኛው ነው የሚገድለን? አለች። ወረቀቱን አጠፍኩት። መነሳት የነበረብኝ ከዚያ ነው።

የካቲት 11

ዛሬ ወረቀት የለም። ሁሉንም ይዤ ወደ ግድግዳ። ከልስን ያላለፈ ስንጥቅ የፊት መሸብሸብ ነው አልኳቸው፤ እርጅና እንጂ ሞት አይደለም። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ ተነስቶ ሳንቲም የሚያስገባው ግን... እየረዘመ መሆኑን በምን እናውቃለን ተባለ። ጫፍ ጫፉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ቀን ጻፉበት አልኩ። ፀጉር ሠሪዋ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች። ዝናብ አያጥበውም! አለች። በሠላሳ ዓመት አንድ መሐንዲስ ሲያስበው አላየሁም።

የካቲት 12

ጉልበቴ። ደረጃ በዛ።

የካቲት 25

ለልምምድ አንድ ሕንፃ መምረጥ ነበረብን። ፀጉር ሠሪዋ የምትኖርበት ተመረጠ፤ አራት ፎቅ፣ አርባ አንድ ቤተሰብ፣ እናቷም እዚያው ምድር ቤት። ባለንብረቱ ሊያፈርሰው ጠይቋል። ጉዳዩ ከወር በኋላ በከተማው የሕንፃ ቦርድ ፊት ይሰማል። ጥያቄው የተደገፈበትን የምርመራ ሪፖርት አመጣችልኝ። የስድስት ዓመት ወረቀት። «ጣሪያው በስብሷል። ሊጠገን አይችልም።»

ከሥሩ ፊርማ። የእኔ።

ቀኑ ትዝ አለኝ። ዝናብ። የጣሪያው ቁልፍ ጠፍቷል ተባለ። መኪናው ይጠብቀኝ ነበር። ከታች አንጋጥጬ አይቼ ጻፍኩ...

ፀጉር ሠሪዋ ታየኛለች። አየዋለሁ ብዬ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 26

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ፤ ቀና እንኳ አላለች። ፊርማህ አይደል? እንግዲህ አንተው አንሳው፣ አለች። ከዚያ ቢላዋውንና ሽንኩርቱን አቀበለችኝ። ቢያንስ ለማልቀስ ሰበብ አገኘሁ።

መጋቢት 2

ለክፍሉ ተናገርኩ። ሪፖርቱ የእኔ ነው፣ ጣሪያው ላይ አልወጣሁም፣ ሌላ አሠልጣኝ ፈልጉ... ፀጉር ሠሪዋ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ስምዎን ሪፖርቱ ላይ አይቼ እኮ ነው የተመዘገብኩት። በሰው ፊት ላዋርድዎ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ትምህርቱ ጣመኝ። መቼ ይናገሩ ይሆን ብዬ ስጠብቅዎ ነበር።»

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ... ያዳነኝ ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ጣሪያው እንደሆነ የትም አልሄደም፣ ለምን አንወጣም? አለ።

መጋቢት 5

ወጣን። ቁልፉ ጠፍቶም አያውቅ። እናትየው ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ማንም አልጠየቀኝም አሉ። ቧንቧ ሠራተኛው ጣሪያውን የተሸከሙትን የእንጨት ወራጆች አንድ በአንድ በካቻቪቴ ወጋቸው። ከአሥራ ስምንት የበሰበሱት ሁለት ብቻ። ሁለት! ቀሪው እንደ ድንጋይ ነው። ርግብ ኮቴን አበላሸችው። ባለቤቴ፣ ይበልህ አለች።

መጋቢት 24

ጉዳዩ ተሰማ። የባለንብረቱ መሐንዲስ የእኔን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አነበበ። ፀጉር ሠሪዋ ደብተሯን ገለጠች፤ ስንጥቅ በስንጥቅ፣ ቀን በቀን፣ ወራጅ በወራጅ። መሐንዲሱ፣ የባለሙያ ቃል በፀጉር ሠሪ አይሻርም አለ። ሳላስበው ተነሳሁ።

«ባለሙያው እኔ ነኝ። ጣሪያው ላይ አልወጣሁም። እሷ ወጥታለች።»

የቦርዱ ሰብሳቢ እንዲመዘገብ ይድገሙት አለችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሲወጣ ፊቱን አዞረብኝ። ይሁን።

ሚያዝያ 17

ተወሰነ። አይፈርስም! ሁለቱ ወራጆች ይቀየራሉ፤ ተከራዮቹ ባሉበት፣ በነበረው ኪራይ። እናትየው ደወሉልኝ። መረቁኝ፣ ተቆጡኝ፣ ደግሞ መረቁኝ። መሐል መግባት አይቻልም።

ሚያዝያ 20

አዲስ ዙር። ሠላሳ አንድ ሰው። ስለ ግድግዳ ያስተማረችው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ እኔ ወንበር አመላላሽ። ደስ ሲል።

ሰሞኑን የድሮ መዝገቦቼን ሳገላብጥ ነበር። ጣሪያቸው ላይ መውጣቴን እርግጠኛ ያልሆንኩባቸው ሰባት ሕንፃዎች እስካሁን ቆመዋል። ስምንተኛው ፈርሷል... ለእሱ መሰላል የለም። ሰባቱን በትልቁ ጽፌ ለቧንቧ ሠራተኛው ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ከየትኛው እንጀምር? አለኝ።

ከቅርቡ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ባለቤቴም ትመጣለች። መሰላሉን ራሴ ነኝ የምይዝልህ፣ ሌላ ሰው አላምንም ብላለች።