አሥራ ስድስት ክንድ

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ደብተሬ፣ የመሪጌታን የኤሌክትሪክ ምድጃ ጨረስሁ። ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን የጠመጠምሁት የመጀመሪያ ሽቦ ይኸው ነው። ልኩን ከባሌ ወረቀት ወሰድሁ። የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ፦ 220 ቮ.፣ 5 አ.፣ 16 ክንድ። አሥራ ስድስት ጊዜ በክንዴ ለክቼ ቆረጥሁ።
ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ ከዱርቤቴ ደወለ። ይህች የባሌ የጥገና ሱቅ በውርስ ግማሿ የሱ ናት፤ ለስልክ ሻጭ እናከራያት ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሰኝ አልሁት። አንድ ሥራ ተመላሽ ከመጣ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ አለኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ልማዴ ነው።

ጥቅምት 7
ከጣና በኩል ነፋስ። መ/ጌታ ምድጃውን አሸክመው መጡ። ጥቂት እንደ በራ ቆጣሪው ይጠፋል። «ልጄ፣ ስቅለት ገና ነው፤ ምድጃሽ ግን ቤቴን አጨለመው» አሉኝ። ሣቅሁም፣ አፈርሁም። የባልሽ ሥራ እንዲህ አያደርግም ነበር አላሉም። ባይሉም ሰማሁት።
ለካሁ። ቮልቱ ልክ 220፤ ባ/ዳር ላይ ብርቅ ነው። አምፔሩ ግን 5.5፤ የቤታቸው ቆጣሪ ከ5 በላይ አይሸከምም። ለምን? ሽቦው ከባሌ ጥቅል የተቆረጠ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ጥቅምት 8፣ ከቀትር በኋላ
ባሌ አስተምሮኝ አያውቅም። ሲሠራ ዐይ፣ የጣለውን ወረቀት እለቅም ነበር። አንዴ ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት የፊዚክስ መጽሐፍ ገጽ አገኘሁ። ቮልት ለአምፔር ሲካፈል የሽቦው መከላከያ ልክ፤ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ኃይሉ። መከላከያውን እሱ «እምቢታ» ይለው ነበር። እሑድ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስንበላ ጣቱን ውሃ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ያካፍል ነበር። ሰው ያየናል ብዬ በነጠላዬ ጫፍ አብሰው ነበር። ዛሬ ቢሆን አላብሰውም።
በሱ ልክ፦ 220 ለ5፣ 44 ኦም። በኔ፦ 220 ለ5.5፣ 40 ኦም። ኃይሉ 1100 ዋት መሆን ሲገባው 1210። ሽቦ ባጠረ ቁጥር እምቢታው ያንሳል፤ ሽቦዬ አጥሯል ማለት ነው። አሥራ ስድስት ክንድ ግን ቆጥሬአለሁ።

ቆይቼ
የማን ክንድ? የኔን በሜትር ለካሁት፤ 44 ሳንቲሜትር። በ44 ኦም አባዛሁ፣ ለ40 አካፈልሁ። 48 ነጥብ 4።
የሱ ክንድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ለክቼው አላውቅም።
ሥራ አቆምሁ። ጠረጴዛው ላይ 48 ሳንቲሜትር በጠመኔ አሰመርሁ። ክንዴን ከጎኑ አጋደምሁ።

ጥቅምት 9
አዲስ ሽቦ፣ በሱ ክንድ አሥራ ስድስት፣ 7 ሜትር ከ75። 5 አ. ልክ። መ/ጌታ ወሰዱት።

ጥቅምት 12፣ 4 ሰዓት
መ/ጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ምድጃው ሦስት ቀን ሠርቷል፤ ቆጣሪው አልጠፋም።
ወዲያው ዋርሳዬ ደወለ። ተመላሽ አለ ወይ? አንድ አለ አልሁት። በይ እንግዲህ ቁልፉን፣ አለ። ጥፋቱን አግኝቼዋለሁ፣ ሠርቼም መልሻለሁ አልሁ።
«እቴ፣ ቃልሽስ?»
ቃሌን በልቻለሁ አልሁት። ሱቋ አትከራይም። የግማሽህን ኪራይ ከኔ ትቀበላለህ።
ስልኩን ዘጋሁና ቀጣዩን ሽቦ በጠመኔው መስመር ለካሁ።