ካዙማን ልመልስ የሄድኩ ጊዜ

ኤፕሪል 16

ሻንጣው ሞላ። ፖም፣ ሚሶ የሚባለው የአኩሪ አተር ድልህ፣ በጨው የተዘፈዘፈ ጎመን። ለካዙማ ወፍራም የሱፍ ካልሲ። እሱ ያለበት የኦኪናዋ ደሴቶች ሙቀት ነው አሉ... ምን ቸገረኝ፣ ልጄ ነው።

ጎረቤቴ ሂሳኤ፣ "ልትጠይቂው ነው ወይስ ልታመጪው?" አለችኝ። ልጠይቀው አልኳት። ውሸት። አባቱ ከሞተ ወዲህ የፖም እርሻው እኔ ላይ ወድቋል፤ ጉልበቴም እምቢ ብሏል። ትልቅ ሰውዬ፣ ቱሪስት ይዞ ውኃ ውስጥ ሲዞር ሊኖር ነው? ይበቃል። ይዤው እመለሳለሁ።

ኤፕሪል 17

ደረስኩ። የመጨረሻው መንገድ በመርከብ ነበር። ካዙማ ወደቡ ላይ ቆሟል።

"ምነው እንዲህ ጠቆርክ?"

"አንቺስ እማዬ፣ ምነው እንዲህ አጠርሽ?"

ላቅፈው አማረኝ... እንደ ልማዴ ሻንጣውን አቀበልኩት። ያረፍኩት ለካዙማ ቤት ያከራዩት እማማ ካማዶ ዘንድ ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ገና ልጅ ነው።

ኤፕሪል 18

ቱሪስት የሚወስድበት ጀልባ ላይ ይዞኝ ወጣ። የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሞ ከጀልባው ጠርዝ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሕፃን ሳለ ወንዝ ሲወስደው አይቻለሁ። አባቱ ነው ያወጣው። እሱ ረስቶታል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ውኃ ሲገባ ማየት አልችልም። እስኪወጣ ጨፍኜ ቁጭ።

"እናቴ፣ ባሕር አመመሽ?" አለኝ የጀልባው ነጂ።

አዎ አልኩ።

ማታ ወደ እርሻው እንመለስ ልለው ነበር። ግን ሲበላ አየሁት... ሲበላ ያሳዝነኛል። ነገ።

ኤፕሪል 19

በጨረቃ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር ሦስተኛ ቀን። ዛሬ የደሴቷ ሴት ሁሉ ባሕር ወርዳ እጅ እግሯን ትነክራለች፣ ክፉውን ሁሉ እንዲወስድላት። እኔ በር ላይ ሽንኩርት እልጣለሁ።

"ተነሺ እንጂ" አሉኝ እማማ ካማዶ።

"የተራራ ሰው ነኝ እማማ፤ ዋናም አልችል።"

"ማን ዋኚ አለሽ? እግር የለሽም?"

ሽንኩርቱን አስቀምጬ ተነሳሁ። ውኃው ለብ ያለ ነው። ቁርጭምጭሚቴን፣ ከዚያ ጉልበቴን... ሴቶቹ ዛጎል እየለቀሙ ባሎቻቸውን ያማሉ። ካዙማ ሁለት የውኃ መነጽር ይዞ ከሩቅ ቆሟል፤ የሴቶች ቀን ነውና አልተጠጋም።

"ና አንተ፣ እናትህን ያዛት። እኔ ፈቅጃለሁ" አሉት እማማ ካማዶ።

አንዱን መነጽር አጥልቆልኝ እጄን ያዘ። "ፊትሽን ብቻ አስገቢ። ከፈራሽ ጭምቅ አድርጊኝ።" ጨመቅኩት። ደጋግሜ ጨመቅኩት። አልለቀቀኝም። ድሮ ወንዝ ስንሻገር እጅ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ከውኃው ሥር አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ፣ አውራ ጣቴን የምታክል፣ እየመጣች መነጽሬን ትመታለች። ለካ የቆምኩት ቤቷ ደጃፍ ላይ ነው።

ስንወጣ፣ "በየጠዋቱ እኔንም እንዲህ ታባርረኛለች" አለ። ፊቱ በርቷል። እርሻው ውስጥ እንዲህ ሲበራ አይቼው አውቃለሁ? አንድም ቀን።

አለቀስኩ። መነጽሩ ውኃ አስገባ አልኩት።

ኤፕሪል 20

አልነገርኩትም።

ኤፕሪል 21

እሱው አነሳው። ፖም እየላጠ።

"እማዬ፣ ልትወስጂኝ ነው አይደል የመጣሽው?"

"ነበር።"

 ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ ታች ወረደ። እኔ ነኝ እንዲህ መላጥ ያስተማርኩት።

"እርሻውን የሂሳኤ ልጅ ይያዘው፤ ይወደዋል" አልኩት። "ለእኔ ደጁ ላይ ያሉት ዛፎች ይበቁኛል። አንተ ግን ለለቀማው ና። ሳምንት እንኳ..."

"እመጣለሁ።" ከላጠው ፖም ግማሹን ሰጠኝ። 

ኤፕሪል 22

መርከቡ ላይ ነኝ። እዚህ ወዳጅ ሲሸኝ፣ መርከቡ ሲንቀሳቀስ ሸኚዎቹ ከወደቡ ዘለው ባሕር ይገባሉ። እማማ ካማዶ ጠዋት በጆሮዬ ነግረውኛል። "ያኔ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ። የጀልባው ነጂ ያየውን ሁሉ ነግሮኛል።"

ካዙማ እየሮጠ ወደቡ ጫፍ ደረሰ። እግሩ ላይ የሱፍ ካልሲዬ። በዚያ ሙቀት። "እማዬ!" ብሎ ተጣርቶ ዘለለ።

ውኃው ዋጠው። የመርከቡን ብረት አንቄ ያዝኩ። ዓይኔ ግን... አልጨፈንኩም። አረፋው ነጭ ሆነ፣ ሰፋ። ከዚያ ራሱ ብቅ አለ፤ እየሳቀ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ።

ነጥብ እስኪያክል አየሁት። ያ ካልሲ ውኃ ጠጥቶ ምን ያህል ከብዶት ይሆን? በመኸር ሲመጣ ቀጭን እሠራለታለሁ።