ያለ ቃል የተናዘዙት ዳኛ፦ የአቶ ቀለምወርቅ ወልደሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀለምወርቅ ወልደሩፋኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደሩፋኤል ይመኑ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመለወርቅ ቸርነት በሸዋ፣ በእነዋሪ ከተማ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃን በእነዋሪ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ብርሃን ተምረዋል። በልጅነታቸው ቃል ከአፋቸው የሚወጣው እንደ ማር ከቀፎ፣ በብዙ ጢስ ነበር። ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ ንጋቷ፣ ‹‹ቀለሜ አፉን ለእግሩ ሰጥቶታል›› እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ኳስ ከተገኘ ሲሮጡ ይውሉ ነበርና። በኋላም ከኮተቤ መምህራን ኮሌጅ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በዲፕሎማ ተመርቀው በደብረ ሲና ለዓመታት አስተማሩ።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ጅግጅጋ ሲዛወሩ አንዲት የሶማሊኛ ቃል አያውቁም ነበር። ፊሽካ አስተርጓሚ አይፈልግም ብለው በቀጣዩ ዓመት የከተማውን ጨዋታዎች መዳኘት ጀመሩ። ተሳስተው ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ሂርሲ የተባለው ወጣት አጥቂ ጥፋት ሲሠራ ሊመክሩት ፈልገው በሌባ ጣታቸው ጠሩት። በዚህ አገር ደግሞ በአንድ ጣት የሚጠራው ውሻ ነው። ሂርሲ ማልያውን አውልቆ እግራቸው ሥር ጣለና፣ ‹‹ውሻህ መሰልኩህ?›› አላቸው በተሰባበረ አማርኛ። ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። አቶ ቀለምወርቅ በአማርኛ ማስረዳት ጀመሩ፤ ባስረዱ ቁጥር ነገሩ ባሰ፤ ጨዋታውም ሳያልቅ ተበተነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝውውር ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ የሻይ ቤት ባለቤት የነበሩትን አዛውንት ሀጂ ሺሬን አማላጅ ይዘው ሂርሲ ቤት ሄዱ። ሂርሲም ይቅርታውን ተቀብሎ፣ ‹‹መዓሊን፣ ሰው በሙሉ እጅ ነው የሚጠራው›› አላቸው፤ መዓሊን ማለት መምህር ነው። መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ጣቶቻቸውን ሁሉ ወደ ራሳቸው እንዲሰበስቡ አሳያቸው። እዚያው ግቢ ውስጥ ሂርሲን እየደጋገሙ እየጠሩት ሲለማመዱ ሀጂ ሺሬ፣ ‹‹አሁን ፍየል ነው የጠራኸው፣ ድገመው!›› እያሉ ቤተሰቡን በሳቅ ፈጁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂርሲ የቤታችን ሰው ነው።

አቶ ቀለምወርቅ ከዚያ በኋላ የሰውን ፊት፣ ትከሻና እጅ እንደ መጽሐፍ ያነቡ ጀመር። የሚቆጣ አምበል ሲመጣ ፊት ለፊት አይገጥሙትም፤ ከጎኑ ቆመው እሱ ወደሚያይበት ያያሉ። ካርድ ሲያወጡ ተጫዋቹን ቁልቁል አያዩም፤ አጭር ከሆነ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ። ‹‹ቅጣት ለጥፋቱ ነው፣ ለቁመቱ አይደለም›› ይሉ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ከወ/ሮ እናትአለም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ኤልያብንና መልአክን አፍርተዋል። ወ/ሮ እናትአለም፣ ‹‹ሜዳ ላይ ያ ሁሉ የሚያወራ እጅ ቤት ሲገባ አንድ ሰሐን ማንሳት ለምን ያቅተዋል?›› ሲሏቸው፣ መልሳቸው ቅንድብ ማንሳት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ሳይባል የማይታለፍ ነገር አለ። ‹‹ሶማሊኛ አጥርቶ የማይናገር ሰው እንዴት ይዳኛል?›› እያሉ ስማቸውን የሚያነሡና የሚጥሉ ነበሩ። ከመሃል አገር ሲመጡም ‹‹ከማታውቃቸው ሰዎች መሃል ምን ትሠራለህ?›› የሚሉ ዘመዶች ነበሩ። ሁለቱም ወገን አንድ ስህተት ተሳስቷል፤ መግባባትን ከምላስ ጋር ብቻ አጋብቶታል! በአንድ ቋንቋ ተናግረው ሲካሰሱ የሚውሉ ሰዎች ፍርድ ቤቱን የሞሉት በቃል እጥረት ነውን?

ለተጠራጣሪ ሁሉ መልሱን የሰጠው የ1998ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። የሽንሌና የጉናጋዶ ቡድኖች እኩል ለእኩል ናቸው፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፤ የካራማራ ነፋስ አቧራውን እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። የጉናጋዶው አምበል ፋይሶ ኳሱን ለጋ፤ መረብ ውስጥ ታየ፤ ፊሽካ ተነፋ፤ ጎል! ግማሹ ሜዳ ጨፈረ፤ ግማሹ ድንጋይ አነሣ። የሽንሌ በረኛ መረቡ ላይ ተጣብቆ ይጮሃል፤ የሚሰማው የለም። አቶ ቀለምወርቅ የበረኛውን ጩኸት ሳይሆን እጁን አዩ፤ መረቡን ይዞ አልለቅ ብሏል። ሮጠው ሄዱ። በጎን በኩል መረቡ ተቀዷል፤ ኳሱ የገባው ከውጭ ነው!

ቢናገሩ ማን ይሰማቸዋል? ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው በቀዳዳው አሾለኩትና ለሕዝቡ አወዛወዙት። ቀጥሎ ወደ ጉናጋዶ ደጋፊዎች ዞረው በመዳፋቸው ደረታቸውን መቱ፤ ‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው›› ማለታቸው ነበር። ከዚያም የመልስ ምት አሳዩ። ፋይሶ መጥቶ እሱም ክንዱን በቀዳዳው ከተተ፤ አወጣው፤ ራሱን ነቀነቀና ሳቀ። ያን ጊዜ የተነሣው ጭብጨባ! ድንጋዩ ከእጅ ላይ ረገፈ። ጉናጋዶ በመለያ ምት ተሸነፈ፤ ማታ ግን ዳኛውን እራት የጋበዙት ተሸናፊዎቹ ናቸው።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ስትሮክ ያጋጠማቸው ሲሆን ንግግራቸውንና ቀኝ እጃቸውን ወሰደባቸው። በሕክምናና በጸሎት ብዙ ቢደከምም ሊመለስ አልቻለም። በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወ/ሮ ንጋቷ ከእነዋሪ መጥተው ወንድማቸውን ለመውሰድ ልብሳቸውን በሻንጣ ከተቱ። ‹‹ቀለሜ፣ አፈርህ የአባትህ አፈር ነው›› አሏቸው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ‹‹አይናገር፣ እሱን ምን ትጠይቁታላችሁ!›› ሲል ሂርሲ ከበሩ፣ ‹‹አንደበቱ እንጂ እሱ መቼ ሄደ? ጠይቁት!›› ብሎ ጮኸ።

መጠየቅም አላስፈለገም። አቶ ቀለምወርቅ በግራ እጃቸው ሻንጣውን ከፍተው ሸሚዞቻቸውን አንድ በአንድ አውጥተው አልጋው ላይ ደረደሩ። ወ/ሮ ንጋቷ መልሰው ከተቱ፤ እሳቸው መልሰው አወጡ። በመጨረሻም የእህታቸውን ዓይን እያዩ በአገጫቸው እዚሁ ጅግጅጋ ሰፈራችን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አመለከቱ፤ መዳፋቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገውም እንደሚተኛ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወ/ሮ ንጋቷ ሻንጣውን ዘግተው አልጋው ሥር ገፉት፤ ‹‹እሺ ወንድሜ፣ ሰማሁህ›› አሉ።

ከዚያ ወዲህ ‹‹ኑዛዜ በቃል ወይም በጽሑፍ ነው፤ የበሽተኛ እጅ ምን ያውቃል?›› የሚል ዘመድ አልጠፋም። በሽተኛው እኮ ሰው ሁሉ ሲጮህ እጅ ማዳመጥን ለዚህ ከተማ ያስተማሩ ናቸው! ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል ካለ ይምጣ፤ ቤተሰቡ ይማርበታል።

አቶ ቀለምወርቅ ግንቦት 10 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እነዋሪ ያሉ ዘመዶች አስከሬኑን ሊያስወስዱ መኪና ማዘጋጀታቸውን ሲሰሙ ወ/ሮ ንጋቷ ስልክ ደውለው፣ ‹‹መኪናውን ባዶ እንዳትልኩት፤ ሰው ሙሉበትና ላኩት፤ ወንድሜ አገሩን መርጧል›› አሉ። መኪናው ዛሬ ማለዳ ባቢሌን አልፎ ጅግጅጋ ገብቷል፤ የጫናቸው ለቀስተኞችም እዚህ ከሂርሲ እንዲሁም ከሽንሌና ከጉናጋዶ ከመጡት ጋር ቆመዋል።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ እናትአለምን፣ ልጆቻቸውን ኤልያብንና መልአክን፣ እህታቸውን ወ/ሮ ንጋቷን እንዲሁም በፊሽካቸው ያደጉ እጅግ ብዙ ወጣቶችን ትተዋል። በልብ የሚታሰበውን ሳይነገር የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።