ቶፓዝ ፍለጋ ከሳሮን ጋር

ዓርብ

ድንኳኑ አንድ ዘንግ ይጎድለዋል። ያዋሰኝ የሌዊስቪሉ ጓደኛዬ ይህን ሳይነግረኝ ነው ያስረከበኝ። በገመድ ዛፍ ላይ አስሬ አቆምኩት፣ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ወገብ የለኝም። ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርት ሰውና ሻንጣ ሳመላልስ ከርሜ፣ ኦፍ ባገኘሁበት ቀን ደግሞ ከጋርላንድ እዚህ ሜሰን የሚባል ገጠር ድረስ ስነዳ ዋልኩ። የኮሮላዬ ኤሲ ፎርት ዎርዝን ሳናልፍ ሞተ። መስኮት ከፍተን መጣን፣ ነፋሱ ግን ከምድጃ የወጣ ነው።

ይህ ሁሉ ለድንጋይ ነው። ልጄ ሳሮን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለ ድንጋይ ከተማረች ወዲህ አልጋዋ ሥር ሳይቀር ድንጋይ ሆኗል። እዚህ አገር ቶፓዝ የሚባል እንቁ ይገኛል፣ የመሬቱ ባለቤት ያስቆፍራል፣ ያገኘኸውን ይዘህ መሄድ ነው አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ለድንጋዩ ብዬ አይደለም።

እናቷ ሂሩት ሲያትል ናት። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆነን። አሁን ትምህርት ሳይጀመር ሳሮን ወደ እሷ እንድትሄድ ትፈልጋለች። ለጉብኝት ሳይሆን ለመኖር። መልስ የምትጠብቀው በዚህ ሳምንት ነው። ከመሄዷ በፊት፣ ከሄደች ማለቴ ነው፣ ጥቂት ቀን አብረን እንዋል ብዬ ነው የመጣሁት።

ዛሬ መንገድ ላይ፣ ብራዲ የምትባል ከተማ ልንደርስ ስንል ሳሮን ካሴቱን አጠፋችው።

"ዳዲ፣ አንተ ምንድነው የምትፈልገው? ልሂድ ወይስ ልቅር?"

"እንደፈለግሽ የኔ ልጅ፣ አንቺን ደስ ያለሽን" አልኳት። ካሴቱን መልሳ ከፈተችው።

ደግ መለስኩ እላለሁ። ልጅን በእናትና በአባት መሃል መጎተት ነውር ነው። ቅሪልኝ ብላት ለእኔ አዝና ብትቀርስ? ዝም አይነቅዝም ይል ነበር አባቴ። ግን ከሄደች ያን ቤት ምን አደርገዋለሁ? ከሺፍት ስገባ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ "ሃይ" ትለኛለች። የቀኑ ወሬያችን አንዳንዴ ያቺው ናት፣ እሷም አትቀርብኝ።

ቅዳሜ

ሙቀት። ሙቀት። ሙቀት።

የረሳሁት፦ ኮፍያ፣ ትራስ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ። ያልረሳሁት፦ በርበሬ። ቱናውን በጩቤ ስታገለው ጣቴን ቆረጥኩ። ጉንዳኑም አልማረኝም፣ ቁርጭምጭሚቴ አብጧል።

ሥራው እንዲህ ነው። የደረቀ ወንዝ ውስጥ ትወርዳለህ፣ ጠጠሩን በአካፋ ትዝቃለህ፣ በሽቦ ወንፊት ትነፋለህ፣ የቀረውን ባልዲ ውስጥ ታጥብና ወደ ፀሐይ አድርገህ ታያለህ። ቶፓዝ የጠርሙስ ስባሪ ይመስላል፣ ግን ይከብዳል ትላለች ሳሮን። እኔ ያገኘሁት ሁሉ ኳርትዝ ነው፣ እሱ ደግሞ በየቦታው የፈሰሰ ነገር ነው። ሁለት የጠርሙስ ስባሪም አግኝቻለሁ። አገር ቤት አሸዋ የሚነፋ የቀን ሠራተኛ ይከፈለዋል፤ እኔ ከፍዬ እነፋለሁ።

ቀትር ላይ የመሬቱ ባለቤት በፒካፕ መጣ። ሳቂታ ነጭ ሽማግሌ ነው። ሙቀቱ ገና ይብሳል፣ ኤሲ ያላት ባዶ ጎጆ አለችኝ፣ እንዲሁ እደሩባት አለን። ኖ ቴንክ ዩ፣ ደህና ነን አልኩት። "ኦኬ" ብሎ ሞተሩን አስነሳና ሄደ። አቧራውን አልብሶን ሲርቅ ቆሜ አየሁት።

ሳሮን ለምን ኖ እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ደግሞ ይለምነናል ብዬ ነዋ! ሰው ና ግባ ሲልህ መጀመሪያ አይ፣ አላስቸግርም ትላለህ። እሱ ኧረ በሞቴ ይላል። አንተ አሁንም አይ ትላለህ፣ ከዚያ ትገባለህ። እዚህ አገር አሥር ዓመት ኖሬ እንደማይለምኑ ጠፍቶኝ አይደለም። አፌ ነው የማይሰማኝ።

"እዚህ ሁለቴ አይጠይቁም ዳዲ" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም።

እሑድ

ዛሬ ወደቅኩ። ወደቅኩ እንኳ አልልም፣ ተቀመጥኩ፤ ግን ሳላስበው ነው የተቀመጥኩት። ወንፊቱን እንደያዝኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። ሳሮን የባልዲውን ውሃ አናቴ ላይ ገለበጠችብኝ፣ ከነጠጠሩ። ከዚያ ምንም ሳትለኝ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዳ የጎጆዋን ቁልፍ ይዛ ተመለሰች።

ምን ብለሽ ጠየቅሽው አልኳት። አባቴን አሞታል፣ ጎጆዋን እንፈልጋታለን ብላዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽማግሌውም ደንግጦ "አባትሽ ደህና ነን ሲለኝ አመንኩት እኮ" አላት። አፈርኩ። ኤሲው ሥር ስጋደም ግን እፍረቱ ለቀቀኝ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ ነው!

አመሻሽ ላይ በረዶ ልንገዛ ከተማ ወረድን። ሳሮን ነዳጅ ማደያው በር ላይ ካለው ስልክ በካርድ ለእናቷ ደወለች። መኪና ውስጥ ሆኜ ጀርባዋን አያለሁ። ብዙ አወሩ። በጫማዋ ግድግዳውን ቀስ እያለች ትመታለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

እናትሽ ደህና ናት? ደህና ናት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። በረዶው ይቀልጣል እንቸኩል አልኩ።

ሰኞ

አገኘን!

ያገኘችው ሳሮን ናት። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፣ ጥርት ያለች። ሽማግሌው አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ አገላብጦ አየና እውነተኛ ቶፓዝ ናት አለ። ተፈላጊው ሰማያዊው ነው፣ ይህች ነጭ ናት፣ እምብዛም ዋጋ አታወጣም። ሳሮን ግን እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ በጭቃ እጇ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ካቀፈችኝ ቆይታለች። እንዴት እንደረዘመች ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሽማግሌው ሲሄድ እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ምነው፣ ምን ሆንሽ?

"ለማሚ እሺ አልኳት። ትናንት። ትኬት ገዝታለች፣ ለቅዳሜ።"

ጥሩ ነው ልላት ነበር። እውነቴን ነው፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፦ ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ ብቻ አንቺ ደስ ይበልሽ። ከዚያ የሽማግሌው ነገር መጣብኝ። ደህና ነን ሲለኝ አመንኩት። ለካ ልጄም አምናኛለች።

"እንድትሄጂ አልፈልግም" አልኳት። "ከኔ ጋር ቅሪ። እለምንሻለሁ።"

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

"ጠየቅኩህ እኮ። መኪና ውስጥ ጠየቅኩህ። ኬር አታደርግም መሰለኝ።"

አክብሬሽ ነው፣ እንዳልጫንሽ ብዬ ነው ልላት ፈለግኩ። በእንግሊዝኛ ሞከርኩ፣ በአማርኛ ሞከርኩ፣ በሁለቱም የሰነፍ ሰበብ ሆነብኝ። ይቅርታ አልኳት። አካፋውን አጠብኩ፣ ድንኳኑን ነቀልኩ፣ ዕቃ ጫንኩ። ስጭን አለቀስኩ፤ የመኪናው የኋላ ክዳን ተከፍቶ ስለነበር አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። መንገዱን ሙሉ ወደ መስኮቱ ዞራ ተኛች። ጋርላንድ ስንደርስ ዕቃውን መኪናው ውስጥ ትተን ገባን።

ማክሰኞ

ሁሉም ነገር አሸዋ ነው። አልጋው፣ ኪሴ፣ ጆሮዬ። ሥራ ደውዬ አሞኛል አልኩ፣ ውሸትም አይደለም።

ሳሮን ሲሪያሏን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መቅረት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ጓደኞቿ እዚህ ናቸው፣ ትምህርት ቤቷ እዚህ ነው፣ "ደግሞ አንተ ብቻህን ቱና ብቻ ነው የምትበላው" አለች። ግን ለእናቷ መንገር አልቻለችም፣ ታለቅሳለች ብላ ፈራች። "አንተ ንገራት።"

እኔ? ከሂሩት ጋር ከተለያየን ወዲህ ወሬያችን ሁሉ በሳሮን በኩል ነው። ቁጥሩን ጀምሬ ዘጋሁት። ውሃ ጠጣሁ። ደግሞ ጀምሬ ዘጋሁት። ሳሮን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ስለዚህ ደወልኩ።

ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ ሲያትል ይዘንባል ወይ፣ አዎ ይዘንባል። እንዲህ ስንል ብንውል በወደድኩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ተናገርኩት። ሳሮን እዚህ እንድትቀር እፈልጋለሁ፣ እሷም ትፈልጋለች፤ ላንቺ እሺ ያለችው እኔ የማልፈልጋት መስሏት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ብትናደጂ እውነትሽን ነው አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አለች። ቁጣ የለበትም ድምጿ። "ጌታቸው፣ እኔ የወጣሁ ዕለት በሩ ላይ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። ሻንጣው ይከብድሻል፣ እስከ መኪናው እኔ ልያዝልሽ ነው ያልኳት። ይህንኑ መለስኩላት። ሳቀች ወይ አለቀሰች፣ በስልክ አይለይም። "ልጅቷን ስጠኝ" አለችኝ።

ስልኩን ለሳሮን ሰጥቼ በረንዳ ወጣሁ። ብዙ አወሩ። መጀመሪያ ለቅሶ ሰማሁ፣ በኋላ ስለ ድንጋዩ ስታወራላት ሰማሁ። ሲጨርሱ ሳሮን በሩን ገፋ አድርጋ ትኬቱ ለገና መዞሩን ነገረችኝ። ለገና ሄዳ ትመለሳለች። ልብስ ማጠቢያ የሚሆን ሳንቲም ካለኝ ጠየቀችኝና ጭቃ ልብሳችንን ሰብስባ ወረደች።

ልጄ ቀረችልኝ። ተመስገን። ደስ ብሎኛል፣ ግን የሂሩት ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሂሩት ያን ዕለት በሩ ላይ ብዙ ቆማ ነበር። ሻንጣው ከብዷት መስሎኝ ነበር።