«ጎጂ» የተባለው የጋሽ ሰይድ ድምፅ

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 2008፣ ሸዋ ሮቢት

አነሱት። ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ስልኬን ብከፍት ከመተግበሪያ መደብሩ ኢሜይል መጥቷል። መተግበሪያሽ ደንብ ስለጣሰ ከመደብሩ ወጥቷል ይላል። የትኛውን ደንብ? አይናገርም።

የሁለት ክረምት ዕረፍቴን የፈጀሁበት ሥራ ነው። ለልጆች ነው፤ ሥዕሉን ሲነኩት ስሙን በአርጎብኛ ይናገራል። ድምፁ የጋሽ ሰይድ ነው። ከአሊዩ አምባ መጥተው እዚህ ከልጃቸው ከፋጡማ ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ራሴ፣ የአርጎባ ልጅ ሆኜ፣ ከሰላምታ አላልፍም።

ዛሬ ተማሪዎቼን ኮምፒውተር አስተምሬያለሁ። ምን እንዳስተማርኩ ግን አላስታውስም።

ማክሰኞ

አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሰው እንዳላነበበው ያስታውቃል። የድምፁ ቋንቋ ስላልታወቀ ይዘቱን ማረጋገጥ አልተቻለም፣ ቋንቋውን ከዝርዝሩ ምረጪ ይላል። አርጎብኛ የለም። «ሌላ» የሚል እንኳ የለም። አማርኛ ነው ብዬ ልሙላ? ዋሸሽ ብለው ሊዘጉኝ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ሳስገባው እንዴት አለፈ? እንጃ።

ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። ራሴን ያመኛል።

ረቡዕ

መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች በሚጻጻፉበት ገጽ ላይ ብሶቴን አወጣሁ። ለካ ስንቱ ተቃጥሏል! አንዱ፣ «ገበያው የእነሱ፣ በረኛው እነሱ፣ ከጎናችን ተቀምጠው የሚሸጡት እነሱ፣ ስንጣላም ዳኛው እነሱ» ብሎ መለሰልኝ። በውጭ አገር የውድድር ሕግ ይዘው የሚሟገቱ አሉ አለኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ መደብሩ ውስጥ ያለኝ አካውንት ጭራሽ ተዘግቶ አገኘሁት። በጻፍኩት ምክንያት ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ የለም።

ሐሙስ

አዲስ አበባ፣ የንግድ ውድድርን ጉዳይ የሚያይ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነጋገሩኝ ሰው ጨዋ ናቸው፤ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ድርጅቱ እዚህ አገር ቢሮ አለው?» አሉኝ።

የለውም አልኩ።

«ታዲያ እህቴ፣ መጥሪያውን ለማን እንስጥ?»

እዚህ የሽንኩርት ነጋዴዎች የገበሬውን ዋጋ ለመስበር ቢመካከሩ የሚጠራቸው አለ። የስልኩን ሁሉ በር የያዘው ግን በሩ የሚንኳኳበት ደጃፍ የለውም። ከመምህራን ክፍል ጀርባ፣ ጥላው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዓርብ

ደረጀ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ «መደብሩ ምን ያደርግልሻል? በብሉቱዝ እንበትነዋለን!» አለ። ከጁምዓ በኋላ ሱቁ ለመጡ እናቶች ስልካቸው ላይ ጫንንላቸው። ልጆቹ ሥዕሉን ሲነኩ፣ ጋሽ ሰይድ ሲናገሩ፣ ልጆቹ እየሳቁ እንደገና ሲነኩ! ዛሬ ጠግቤ በላሁ።

ቅዳሜ

ስልኮቹ ኢንተርኔት ሲያገኙ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጡ። «ይህ መተግበሪያ ጎጂ ሊሆን ስለሚችል ያጥፉት» ይላል። ሰዉም አጠፋው። ምን ያድርግ? በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አጠፋዋለሁ።

ጋሽ ሰይድ ወሬው ደርሷቸው በምርኩዝ እስከ ደረጀ ሱቅ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም።

«ዘሃራ፣ ጎጂ የተባለው የኔ ድምፅ ነው?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ! መደብሩ ያላሳለፈውን ሁሉ ስልኩ እንደዚያ ይላል።»

«ምን አጥፍቼ ነው የማያሳልፈኝ?»

ደረጀ አቀረቀረ።

እሑድ

ፋጡማ ደወለች። «አባባ ድምፄን ያጥፉልኝ ብለዋል፤ ምግብም እምቢ አሉ» አለችኝ። አቅርቢልኝ አልኳት።

«ልጄ፣ የሰው ስልክ የሚያበላሽ ነገር በኔ ስም አይዙር» አሉኝ።

እንደማያበላሽ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም፤ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ስልኩ በየሰዉ እጅ ነው። ቢጨንቀኝ ልጆቹ እንዴት እንደሳቁ አወራኋቸው።

«የቱ ላይ ነው የሳቁት?» አሉ።

«ግመሉ ላይ።»

ቃሉን በአርጎብኛ፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሆነው አሉት። ስልኩም ተዘጋ።

ይኑር ማለታቸው ይሁን አጥፊው ማለታቸው አልገባኝም። መልሼ ለመደወል ፈራሁ። ድምፃቸውን ገና አላጠፋሁትም።