በእርግማን ውስጥ የኖረው ቤት፦ የመምህርት ኒሶሞ ናዛርሾ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ኒሶሞ ናዛርሾ ከአባታቸው ከናዛርሾ ሙሚን እና ከእናታቸው ከኦዲናሞ ጉሎም በ1948 ዓ.ም. በፓሚር ተራሮች፣ በጉንት ሸለቆ፣ በባርዶጅ መንደር ተወለዱ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የተወለዱበትን ቀን በቁጥር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። እናታቸው የሚያስታውሱት ለኖውሩዝ፣ ለፀደዩ አዲስ ዓመት በዓል፣ የፓሚር ቤት ሁሉ የሚቆምባቸው አምስቱ ምሰሶዎች ዱቄት ሲነሰነስባቸው ምጥ እንደያዛቸው ነው። ስለዚህ መምህርት ኒሶሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ “እኔ ስመጣ ቤቱ ነጭ ለብሶ ነው የተቀበለኝ” እያሉ ይኮሩ ነበር። መኩራት ይወዱ ነበር። ይህን ደብቀን ብናነብ ከተኙበት ተነሥተው ይቆጡናል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በኾሮግ ከተማ አጠናቀው፣ በ1965 ዱሻንቤ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1971 ደግሞ የቋንቋ ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ ሌኒንግራድ ተላኩ። የሕይወታቸው መንገድ የተቀየሰው እዚያ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቀን ነው።

ያን ቀን አንድ አዛውንት መምህር አንድ ጥንታዊ የቤት ስም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከሕንድ እስከ አውሮፓ ዳርቻ የተበተኑ ሕዝቦች አያቶች ከሺህ ዓመታት በፊት ቤታቸውን የጠሩበት ስም ነው። ከሥሩ ልጆቹን ደረደሩ፦ የሩሲያው ዶም፣ የሮማው ዶሙስ፣ የአርመኑ ቱን፣ የጥንቱ ሕንድ ዳማ። በፋርስ መጻሕፍት ደግሞ ኾኑሞን በሚለው ቃል ጫፍ ላይ “ሞን” ሆኖ ተጠግቶ ይገኛል፤ ቤት ንብረት፣ ጎጆ ከነሙቀቱ እንደ ማለት ነው። ከፓሚር ሸለቆ ትይዩ ግን ሰረዝ አሰመሩ። የእነዚህ ተራሮች ሰዎች ቤታቸውን ቺድ ነው የሚሉት፤ የድሮው ቃል በአፋቸው ሞቷል አሉ።

ኒሶሞ ብድግ አሉ።

“አልሞተም! ሄዳችሁ ስላልሰማችሁ ነው እንጂ።”

“አንቺስ ሰምተሻል?”

“ሰምቻለሁ።”

አልሰሙም ነበር። አገሬን አላስነካም ብለው የዋሿት ያቺ አንዲት ውሸት ሃያ ዓመት አንከራተተቻቸው።

በ1973 ወደ ኾሮግ ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ፤ ከማስተማሩ በተጓዳኝም የቤት ቃላት መሰብሰብ ያዙ። የምሰሶዎቹን ስም፣ የጣሪያውን መስኮት፣ የምድጃውን ጥግ፣ የሙሽራ መቀመጫውን፣ ሁሉንም። ሥራቸው ሕግ ነበረው። ቃል ከመጽሐፍ አይገለበጥም፤ ተጠይቆ የተሰጠም አይቆጠርም። ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ሳይጠየቅ፣ ከልቡ ሲናገረው ብቻ ካርድ ይወጣለታል። በካርዱ ላይ ቃሉ፣ የሰጪው ሙሉ ስም፣ የተነገረበት ቤትና ቀኑ ይጻፋል። ስማቸው ከመቃብር ድንጋይ በቀር የትም ያልተጻፈ የመንደር እናቶች በእነዚያ ካርዶች ላይ ከነአያታቸው ሰፍረዋል።

በ1974 ከኦሽ ኾሮግ በሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ከነበሩት ከኢሞምዶድ ሻፊ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ባለቤታቸው ከአፕሪኮት እንጨት አሥራ አራት የካርድ ሣጥን ሠሩላቸው። ሁልጊዜም፣ “እኔ ቤት ስናፍቅ እውላለሁ፣ አንቺ ቤት ስትለቅሚ ትውያለሽ፤ ቤታችንን የሚጠብቀው ግን ድመቱ ብቻ ነው” እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በትዳራቸው ናቭሩዝ የተባለ ወንድ ልጅና ላጅቫር የተባለች ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ካርዶቹ አሥራ አንድ ሺህ ሲደርሱ ያ ኾኑሞን የሚባል ቃል ግን አልተገኘም። ከሩሻን እስከ ዋኻን ያልገቡበት ቤት አልነበረም። ጥበቃው ሲበዛባቸው ሕጋቸውን ጥሰው በቀጥታ የጠየቁበት ጊዜም አለ። መልሱ አንድ ነበር፦ “ኧረ መምህርት፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። ይልቅ ሻይዎ ቀዘቀዘ፣ ዳቦ ይፈትፍቱበት እንጂ።” እንግዲህ እኛ የፓሚር ሰዎች ስንባል እንግዳ ሲመጣ ጥሩውን ምንጣፍ እንደምናነጥፍ ሁሉ፣ ጥሩውንም ምላስ እናወጣለን። መጥፎው ምላስ ከውሻው ጋር ውጭ ያድራል። ይህን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ መምህርት ኒሶሞም ያውቁት ነበር፤ ግን አላሰቡትም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ መንገዱን በዘጋበት በ1993 የበረዶ ወራት፣ ኾሮግ ውስጥ መብራት ጠፋ፤ ማገዶም አለቀ። የመንገድ ዳር ዛፍ ሳይቀር ተቆርጦ ነደደ። ኢሞምዶድ የሳንባ ምች ያዛቸው። መምህርት ኒሶሞ መደርደሪያውን፣ አልጋውን፣ በመጨረሻም አሥራ አራቱን ሣጥኖች አነደዱ። የካቲት ወር ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ከአምስቱ ምሰሶዎች ሌላ በቤቱ ውስጥ እንጨት የሚባል አልቀረም። ባላቸው እየተንቀጠቀጡ ነው። የካርዶቹን ጆንያ ጎትተው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ።

ሳይሰናበቱ ማቃጠል ግን አልሆነላቸውም። እያንዳንዱን ካርድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ ይከቱት ጀመር። በዚህ መሐል ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሳብዛጉል እሳት ሊጭሩ መጡ። ወይዘሮ ሳብዛጉል በሰፈሩ ምላሳቸው የተፈራ ሴት ናቸው፤ ከመምህርት ኒሶሞ ፊት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከ“እርስዎ” ወርደው አያውቁም። በሩ ላይ እንደቆሙ የሰሙት የገዛ እናታቸውን ስም ነው፦ ኔክቃዳም ሚርዞ። ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፎቶግራፍ እንኳ የላቸውም። የካርዱ ጥግ በእሳት ተይዟል።

ሳብዛጉል ዘለው በባዶ እጃቸው ከእሳቱ ነጠቁት።

“እናቴን! እናቴን ነው ምድጃ የምትከቻት? አንቺ ጨካኝ! ኾኑሞንሽ ይቃጠል!”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ሳብዛጉል በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ከብርድ ልብሱ ሥር የኢሞምዶድ ድምፅ መጣ፦

“ኒሶሞ... ሰማሽ?”

“ሰማሁ” አሉ መምህርት ኒሶሞ፤ እንባቸው ይወርዳል፣ ይስቃሉም። “ሳብዛጉል፣ እስኪ ድገሚው።”

“ምኑን?”

“እርግማኑን።”

“አፌን ይቁረጠው! ምን ነካኝ!”

“አሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አላልሽውም?”

“አንቺ ቤት ገብቼ ልሳደብ? ባለጌ መሰልኩሽ እንዴ?”

ሃያ ዓመት የጠፋው ቃል ጨርሶ አልጠፋም ነበር። በየጓሮው፣ በየውኃ ተራው፣ ሴት ከሴት ስትጣላ በሕይወት ይኖር ነበር። ጨዋነታችን ነው ከመምህርት የሸሸገው። መምህርት ኒሶሞ እርሳስ አንሥተው በዚያው ጥጉ በተቃጠለ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፉት፦ ኾኑሞን፤ ሰጪ ሳብዛጉል፤ ቤት የኢሞምዶድ፤ ቀን የካቲት 11።

ሳብዛጉል ወጥተው የታረደችውን ላማቸውን የእንጨት ግርግም እየጎተቱ ተመለሱ። በየደጁም ሄደው፣ “እናቶቻችሁ ጆንያ ውስጥ ናቸው፣ ሊቃጠሉላችሁ ነው!” እያሉ ጮኹ። እስከ ቀትር ድረስ የተሰበረ መሰላል የያዘ፣ አሮጌ በር የተሸከመ፣ አንዳንዱም አንዲት ፍልጥ ብቻ በካፖርቱ የሸሸገ ሰው ግቢውን ሞላው። እያንዳንዱም የእናቱን ካርድ አስነብቦ ሄደ። ኢሞምዶድ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረዋል።

የመምህርት ኒሶሞ መጽሐፍ በ2001 ታተመ። የመጀመሪያውን ቅጂ የላኩት በሕይወት ለነበሩት ለዚያ አዛውንት መምህር ነው። መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፦ “ሰረዙን አጥፍቻለሁ።” መምህርት ኒሶሞ ደብዳቤውን ዋናው ምሰሶ ላይ ለጠፉት፤ እንግዳ ሁሉ ሳያነበው ሻይ አይቀርብለትም ነበር።

በዚህ ሁሉ ኩራታቸው መካከል ግን አንድ ነገር ይቆረቁራቸው ነበር። ለቤተሰባቸው ደጋግመው፣ “ቃሉ ይኖራል፣ የሚጠራው ግን እንዲቃጠል ሲመኙለት ብቻ ነው። አንድ ቀን በምርቃት ብሰማው ምን ነበረበት?” ይሉ ነበር። ማንንም ግን አልጠየቁም። ተጠይቆ የተሰጠ ቃል አይቆጠርም።

በ2018 የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ወደ ዱሻንቤ ሄደው እንዲታከሙ ቢለመኑም፣ “ነጭ ለብሶ የተቀበለኝ ቤት ይሸኘኝ” ብለው ወደ ባርዶጅ ተመለሱ። ትናንት ጥቅምት 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ ከአምስቱ ምሰሶዎች ሥር፣ በልጆቻቸው መካከል አረፉ። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ይህን ያዘጋጀችው የወንድማቸው ልጅ ማንበብና መጻፍ የተማረችው ከካርዶቻቸው ላይ ነው፤ ስለዚህ ስሕተት ቢገኝ ጥፋቱ የእሷ ነው፣ የእሳቸው አይደለም።

ትናንት ማታ ጽሑፉ ሊታተም ሲል ወይዘሮ ሳብዛጉል ከኾሮግ ደረሱ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ማንንም ሳያናግሩ ዋናውን ምሰሶ ይዘው፣ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ ብለው ተናገሩ። ማንም አልጠየቃቸውም። ቤተሰቡም በመምህርት ሕግ መሠረት ካርድ አውጥቷል፤ እነሆ ይነበባል፤ ሰምታችሁ አሜን በሉ።

ቃል፦ ኾኑሞን።
ሰጪ፦ ሳብዛጉል፣ የኔክቃዳም ልጅ።
ቤት፦ የኒሶሞ ናዛርሾ።
ቀን፦ ጥቅምት 9፣ 2019።
አባባሉ፦ “ኒሶሞዬ፣ አላህ የማይቃጠል ኾኑሞን ይስጥሽ።”