አምስተኛዋ ዋስ

ኅዳር 3
ከእህቴ ከማርቲ ጋር መናኸሪያ አጠገብ የተከራየነውን ቤት ጠረግን። «ምድጃው እዚህ፣ መስኮቱ እዚያ…» እያለች ባዶው ግድግዳ ላይ በጣቷ ትስላለች። የሀዋሳው «ነጭ ርግብ» ዳቦ ቤት ስሙንና አሠራሩን ሊሰጠን ተስማምቷል፣ ክፍያውን ከቻልን። ከየት? መንግሥት የሚደግፈው የወጣቶች ብድር አለ። ቤት አያሲዝም፤ አምስት ሰው እርስ በርስ ዋስ ይሆናል። አራት ተገኙ። አምስተኛዋ እኔ! አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። አስገቢኝ ብዬ ማርቲን የለመንኳት ራሴ ነኝ።

ኅዳር 11
ብድር ቢሮ። ኃላፊው አቶ ዘነበ በየተራ ጠየቁን።
«አንቺስ ልጄ? ሌላው ባይከፍል ትከፍያለሽ?»
አንገቴን ደፋሁ። ድምፄ የት ሄደ?
«እሺ ብላለች» አለች ማርቲ።
«እሷ ትናገር።»
እኔ በሩን አየሁ፤ እሳቸው መዝገባቸውን ዘጉ።
«ይቺ ልጅ ተገዳ ነው የመጣችው። ቤቱን መጥቼ ሳላይ አልወስንም።»
ባጃጅ ውስጥ ማርቲ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 12
እማዬ፦ «ሆድሽ ውስጥ ገበያ አለ፣ አፍሽ ነው የተዘጋው።» እውነቷን ነው።

ኅዳር 19
አቶ ዘነበ ከሾፌራቸው ጋር ሳይነግሩን መጡ! ማርቲ ወናጎ ሄዳለች። እኔ በተውሶ ምድጃ እየተለማመድኩ… እስከ ክርኔ ሊጥ። በኮባ ቅጠል የጋገርኩት ዳቦ ገና መውጣቱ። ቆርሼ አቀረብኩ። አቶ ዘነበ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።
«ሥራ ላይ ነኝ፣ አልቀምስም። ጉቦ ይመስላል።»
እንግዳ? ሳይቀምስ? ከእኛ ቤት?
«እንዴ ጋሼ! ብድሩን ቢሰጡም ቢከለክሉም እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም! ጉቦ ከመሰለ ለሾፌሩም ለጎረቤቱም እቆርሳለሁ፣ ሁሉም ይብላ!»
እኔ ነኝ ይህን ያልኩት?
ሳቃቸው መጣ። «ተገዳ የመጣችው ይቺ ናት?»
«ማንም አላስገደደኝም። ሌላው ባይከፍል እከፍላለሁ።»
ወጣልኝ! ሾፌሩ ሁለት ቁራሽ በላ። እሳቸው እንዳሉት አልቀመሱም… ግን ሽታውን ሳቡት፣ አይቻለሁ።

ታኅሣሥ 2
ተፈቀደ!! ማርቲ አንስታ አሽከረከረችኝ። የእማዬ እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ።

ጥር 20
ተከፈተ። ነጯ ርግብ ከበሩ በላይ። መስኮቱ ላይ የቆምኩት እኔ። ማርቲ «አንቺ ነሽ የምትሸጪው» አለች፣ አለቀ።
ሰልፉ እስከ አስፋልቱ። አቶ ዘነበ ከጎን ብቅ አሉ፣ ብር ይዘው።
«ዛሬስ ሥራ ላይ አይደለሁም። አቅምሺኝ።»
«እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ። ሰልፉ በዚያ በኩል ነው!»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም እየሳቁ ሄደው ከኋላ ተሰለፉ።